አንድ ሰው ለአንድ ሕንፃ

"እሺ፣ አሁን ወድቀዋል። አጠገብዎ ማንም የለም" አለችው አሰልጣኟ።

የአሳንሰር ጠጋኙ የመጋዘኑ ወለል ላይ ተጋድሟል። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ደረቱ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ ተንጠልጥላለች፤ ቀዩን ቁልፍ ሲጫነው እሪ አለች። ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የልጆች አባት የሆነ ሰው መሬት ላይ ተንጋሎ "ድረሱልኝ" ማለት ሲለማመድ ምኑ ያስቃል?

እሱን የከነከነው ግን መንጋለሉ አልነበረም። ከመሥሪያ ቤቱ በስልክ የመጣለት መልእክት "ለብቻቸው ለሚሠሩ ሠራተኞች የደህንነት ሥልጠና" ይላል። እሱ ደግሞ ብቻውን ሠርቶ አያውቅም።

የሚሠራው ከሚስቱ ወንድም ጋር ነው። ሰው ጉልቤ ይለዋል፤ ነፋስ ይወስደዋል የሚባል ቀጭን ስለሆነ ለቀልድ ነው። አንዳቸው አሳንሰሩ ጣራ ላይ ወጥቶ ገመዱን ሲፈትሽ ሌላው ሞተር ክፍል ሆኖ፣ አሳንሰሩ እንዳይንቀሳቀስ ማቆሚያውን ይጠብቃል። ሥራቸው ይኸው ነው፤ የሌላውን ነፍስ በእጅ ይዞ መዋል። ታዲያ ይህ ሥልጠና ለእሱ ለምን መጣ? ነገሩ ጥንቆላ አያስፈልገውም። ከሁለት አንዳቸው ሊባረር ነው። የተጠራው እሱ ከሆነ የሚባረረው ጉልቤ ነው። መልእክቱን ያነበበ ዕለት አዘነ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ ደስም ብሎታል። በደስታው ስላፈረ ለጉልቤ "ጥርሴን አሞኛል፣ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ" ብሎ ዋሸው።

"ይነሱ፣ ጎበዝ ነዎት" አለች አሰልጣኟ። "ትናንት የመጡት ባልደረባዎ መሣሪያዋን ኪሳቸው ከትተው ተኙባት። ስትጮህ ራሳቸው ደነገጡ።"

"የትኛው ባልደረባዬ?"

"ቀጭኑ። አንድ ላይ ነው የምንሠራው ብለውኛል።"

ጉልቤ ትናንት ከሥራ የቀረው "የቤቴ ጣራ እያፈሰሰ ነው" ብሎ ነበር። ጣራ! እሱም እንደ ጅል መሰላል ላውስህ ብሎታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እንዲህ ነው። ሰውየው ቀድሞት መጥቶ፣ ቀድሞት ሠልጥኖ፣ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ደውሎ "ጥርስህ አልተሻለህም?" ብሎ ጠይቆታል።

ለእረፍት ሲወጡ ለሚስቱ ደወለ።

"ወንድምሽ ትናንት የት ነበር?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሥልጠና ሄዶ ነበር" አለች። "እንዳትነግሪው ብሎኝ ነው።"

"አንቺም አፍሽን ለጎምሽ!"

"አንተስ ጥርሴን አሞኛል ብለኸው የለ? በሁለት ውሸታም መሀል ተቀምጬ የቱን ላጋልጥ?"

"እኔ ባልሽ ነኝ።"

"እሱም ወንድሜ ነው" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጆቻችን ሁሉ የሚያድሩት በዚያ ሥራ ነው። አንዳችሁ ስትባረሩ የማን ቤት ሄጄ ላልቅስ?"

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ አለ በልቡ፤ ደህና ዋዪ ሳይላት ዘጋው።

ከእረፍት መልስ የመጨረሻው ፈተና ቀረበ። መጋዘኑ ጥግ ለማስተማሪያ የተተከለ አሳንሰር አለ። ቀበቶ ታጥቆ፣ ማቆሚያውን ራሱ ቆልፎ፣ ብቻውን ጣራው ላይ ወጥቶ መውረድ ነው።

"ያለፈ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለብቻው ይመደባል" አለች አሰልጣኟ። "አንድ ሰው ለአንድ ሕንፃ።"

"ያላለፈስ?"

"እሱን መሥሪያ ቤትዎን ይጠይቁ። የኔ ሥራ ብቻዎን ወጥተው በሰላም ቤትዎ እንዲገቡ ማስተማር ነው።"

ክፉ ሴት አልነበረችም። ቀበቶውን ራሷ ጎትታ እየፈተሸችለት ነበር።

"የትናንቱ ሰውዬ አለፈ?"

"ውጤት አልናገርም" አለች፤ ከዚያ ግን አላስቻላትም። "ብቻ ገርመውኛል። ሁሉን አስተካክለው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ማንን ይጠብቃሉ ስላቸው 'የእህቴን ባል' አሉኝ። እዚህ የሉም ብላቸው፣ 'እንግዲያው አልወጣም' ብለው ቀበቶውን ፈቱ።"

ጠጋኙ ይህንንም ጠረጠረ። ጉልቤ ብልጥ ነው። ጥንቁቅ ለመባል ይሆን? ወሬው ጆሮዬ ደርሶ አንጀቴን እንዲበላኝ ይሆን? ደግ ከሠራስ ምን አስደበቀው? የተከፈተው በር ፊት ለፊቱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ወጥቶ መውረድ ይችላል፤ እንጀራውም ይረጋል። ስልኩን አወጣ።

"ጥርስህን ነቀሉልህ?" አለ ጉልቤ ገና ከማንሳቱ።

"ጣራህን ደፈንከው?"

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ነገረችህ ማለት ነው።"

"አልወጣም ያልከው ለምንድነው?"

"ይኸውልህ፣ ሁለታችንም ካለፍን ማን እንደሚባረር ዕጣ ነው የሚጥሉብን። አንተ አራት ልጅ አለህ፣ እኔ አንድ። ብነግርህ ደግሞ አንተም ግትር ነህ፣ እምቢ ትላለህ። በል ሞኝ አትሁን፣ ውጣ። አንዳችን እንኳ እንትረፍ።"

ጠጋኙ ከጠዋት ጀምሮ በልቡ የሰደበውን ስድብ ሁሉ አስታወሰና ፊቱ ጋለ።

"ና" አለው። "ማቆሚያውን የሚጠብቅልኝ ሰው የለም።"

"አብደሃል?"

"አሁኑኑ ና።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። አሰልጣኟ ሰዓቷን አየች።

"ዝግጁ ነዎት?"

"ሰው እየመጣ ነው። እሱ ሳይደርስ አልወጣም።"

"ፈተናው ለብቻ ነውኮ።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ" አለና ቀበቶውን ፈታ። ወንበር ስቦም በሩ አጠገብ ተቀመጠ።