ሁለት ጊዜ እሺ ብለዋል

ሐጂ ዩሱፍ መስማት ካቆሙ አራት ዓመታቸው ነው። ይህን የሚያውቅ የሰፈር ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላሉ። እንዴት አደሩ ሲባሉ እሺ፣ መብራት ጠፋ ሲባሉ እሺ። ጨዋ የተባሉትም በዚሁ ነው።

ልጃቸው ሲሃም ቅዳሜ ኒካሕ አለባት። የሚድራት አባቷ ስለሆኑ የሼኹን ጥያቄ ሰምተው በአፋቸው «ድሬያለሁ» ማለት አለባቸው። ስለዚህ ከአንድ የቴሌግራም ሱቅ የመስሚያ መሣሪያ አዘዘች፤ ሙሉውን ከፈለች። አስተማሪ ስለሆነች ክፍል ውስጥ ስልክ አታነሳም፤ ቀን ቤት የሚውሉትን የአባቷን ቁጥር ሰጠች። ከሥሩም «አይደውሉ፤ አባቴ አይሰሙም። ዕቃውን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ስጡ» ብላ ጻፈች።

ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሰፋሁ፤ አንድም ሞተረኛ አልመጣም። ረቡዕ ለሲሃም በቴሌግራም መልእክት መጣ፦ «ርክክቡ ተፈጽሟል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

ሻጩ ጋ ደወለች።

«እህት፣ እኔ ከእጄ አውጥቻለሁ። ዕቃ አድራሾቹን ጠይቂ።»

ሐሙስ ሐጂን ይዘን ሦስታችን ቤቴል፣ አድራሾቹ ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ጉልላት ይባላል፤ ፈገግታው ከሸሚዙ ጋር አብሮ የተተኮሰ ይመስላል። ጥፋቱ አድራሻውን በደንብ ያልጻፈው የሻጩ ነው አለን። ጽሑፉን ስናሳየው ጥፋቱ የኛ ሆነ።

«የተቀዳ ድምፅ አለን» ብሎ ከፈተው።

«አባባ፣ ሰፈሩ ጠፍቶብኛል። ዕቃውን 18 ማዞሪያ አንድ ኪዮስክ ልተውልዎት?»

«እሺ።»

«እንደተረከቡ አድርጌ ልዝጋው?»

«እሺ።»

ጉልላት እጁን ዘረጋ። «ሁለት ጊዜ እሺ ብለዋል።»

«የትኛው ኪዮስክ ነው?» አለች ሲሃም።

«እሱን የሚያውቀው ሞተረኛው ነው። ሥራ ለቋል።»

«ወንድሜ፣ የማይሰሙ ሰው ናቸው! አይደውሉ ብዬ ጽፌ ደወላችሁ። መስሚያቸውን ያስቀራችሁባቸው ባለመስማታቸው ነው!»

«እሺ ማለት እሺ ነው፣ እህቴ።»

ሲሃም ወደ አባቷ ዞራ ፈገግ አለች። «አባዬ፣ የሰውዬውን ጠረጴዛ ጭነን እንሂድ?»

«እሺ።»

«ወንበሩንስ?»

«እሺ፣ እሺ» አሉ ሐጂ፣ ለጉልላት ጭምር አንገታቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይቀዳ» አልኩ እኔ።

ጉልላት አልሳቀም። መሣሪያውንም አልሰጠም። «እናጣራለን» ብሎ በር ድረስ ሸኘን፤ በጣም ትሑት ሰው ነው።

ቅዳሜ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ሼኹ ጠየቁ፦ «ሐጂ፣ ሲሃምን ለፈሀድ ድረዋል?»

«እሺ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ሼኹ ግን አልሳቁም። «እሺ አይበቃም» አሉና ተነሥተው ሐጂ ጆሮ ሥር ገቡ። ጮኹ። ደግመው ጮኹ። በሦስተኛው የሐጂ ፊት ተለወጠ፤ ያንን ሁሉ ሰው አሁን ገና ያዩት ይመስል ዙሪያውን ቃኙ።

«ድሬያለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግቢው ድረስ ተሰማ።

ሼኹ ቢሮ የላቸውም፤ ድምፅም አይቀዱም። ሰውየው እንዳልሰሙ ለማወቅ ግን አንዲት እሺ በቃቻቸው።

ሰኞ ከሙሽሪት ጋር ቤቴል እንመለሳለን። ሼኹም አብረውን እንዲመጡ ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል፤ እሳቸው ሰምተው ነው።