ማህጁብ የወሰደው ቃል

እኔና እስከዳር የእንግሊዝኛ ቃል አንሸመድድም። ቃሉ የእኛ የሚሆነው አሶሳ ውስጥ ባለቤት ሲገኝለት ነው ብለን ሕግ አውጥተናል። ስለዚህ እስከዳር ፎቶ ኮፒ ቤቷን ስትዘጋ በገበያው በኩል እየዞርን ቃል እናድላለን። «ሜቲኩለስ» ለማንጎ ሻጯ ደረሳት። ማንጎዎቿን በጨርቅ ወልውላ፣ የሁሉንም አንገት ወደ አንድ አቅጣጫ አዙራ ነው የምትደረድራቸው፤ ቃሉም ለትንሹ ነገር ሳይቀር የሚጠነቀቅ ማለት ነው። «ኢንኤቪተብል»ን፣ የማይቀረውን፣ ለሐምሌ ዝናብ ሰጠነው።

«ሪላክታንት» ግን አስቸገረን። መዝገበ ቃላቱ «የሚያቅማማ» ብሎ ያልፋል።

«ለሰፈራችን ልጅ ለነብዩ እንስጠው» አለች እስከዳር። «ሻይ ጋብዞ ሒሳብ ሲመጣ ኪሱን እንዴት እንደሚፈልግ አይተሻል?»

«እሱ ስስት ነው። ሌላ ቃል አለው።»

በመጨረሻ መናኸሪያው በር ላይ ማህጁብን አየነው። ማህጁብ የሸርቆሌ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል። ግማሹ መቀመጫ ባዶ ሆኖ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። አልሄድም አይልም። አይሄድምም።

«ተገኘ» አለች እስከዳር።

«ምኑ?» አለ ማህጁብ በመስኮት።

«ስም አወጣንልህ።»

«ስድብ ነው?»

«እንግሊዝኛ ነው።»

«እንግዲያው ይሁን» አለና እንደገና ወደ ኋላ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የምንለፋው በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ክሊኒክ የአስተርጓሚነት ቦታ ስለወጣ ነው። የሚፈለገው ሰው አንድ ብቻ ነው። በርታኛ የቤቴ ቋንቋ ነው፤ ዓረብኛውን ከሸርቆሌ ገበያ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ይዤዋለሁ። እንግሊዝኛው ነበር የቀረኝ። ፈተናውን ካላለፍኩ ሸርቆሌ ተመልሼ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ እቆማለሁ። ሱቁ ምንም አይልም፤ ግን የእኔ ቦታ አይደለም።

ነብዩም ተመዝግቦ ነበር። በፈተናው ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ አገኘሁት።

«ስሚ ዐዋጢፍ፣ ከባድ ከባዱን ቃል ልቀቂው» አለኝ። «ፈታኝ የሚደነግጠው በርዝመቱ ነው።»

«በሽተኛዋስ?»

«እሷ እንግሊዝኛ አትሰማ፤ ምን ቸገራት።»

ከእኔ በፊት ገብቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ግን እየሳቀ ወጣ። ተራው የእኔ ሆነ።

ፈታኙ አቶ ሂርጳ ሐኪም ሆነው ተቀምጠዋል። ከመጠለያው የመጣች አንዲት ሱዳናዊት ደግሞ የታመመ ልጅ እናት ሆናለች። ሕፃኑ አሶሳ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የእኔ ሥራ መሃል ሆኜ የአንዱን ቃል ለሌላው ማድረስ ነው።

«ሰምቻለሁ» አለች እናትየው በዓረብኛ። «ሆስፒታሉ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ... እስቲ ይቆይ። አላውቅም።»

እንዳለችው አደረስኩ። አቶ ሂርጳ ብዕራቸውን አነሱ። «እምቢ አለች ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ረጃጅሞቹ ቃላት ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር። እዚያው ተውኳቸው።

«አይጻፉ» አልኩ። «እምቢ አላለችም። ሪላክታንት ናት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው? ልጁ እንደሆነ አልሄደም።»

«የሸርቆሌን ሚኒባስ ያውቁታል?»

«ተሳፍሬበታለሁ» አሉ፤ ሚኒባሱ እስኪሄድ የጠበቁት ሰዓት ሁሉ ፊታቸው ላይ ተመልሶ መጣ።

«ሚኒባሱ አልሄድም ብሎ አያውቅም። የጎደለው ሲሞላለት ይሄዳል። እምቢ ላለ ሰው ወረቀቱን ይዘጋሉ፤ ይቺን እናት ግን ምን እንደጎደላት መጠየቅ ይቻላል። ከፈቀዱልኝ እኔ ልጠይቃት።»

አቶ ሂርጳ ብዕሩን አስቀመጡ። «ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትናንሾቹን ልጆቼን የሚይዝልኝ ሰው» አለች። «እሱ ከተገኘ አሁኑኑ እነሳለሁ።»

ለአቶ ሂርጳ ነገርኳቸው። «ይህ መልስ ከጠዋት ጀምሮ እሷ ጋ ተቀምጧል» አሉ በአማርኛ። «የጠየቃት አልነበረም። ሰኞ ጀምሪ።»

ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ ስደርስ ማህጁብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ ነበር። ጾሬ መንገዱ ላይ ስለሆነ ከፊት ተቀመጥኩ። እስከዳር ልትሸኘኝ መጥታ በሩን ይዛለች።

«ያ ያወጣችሁልኝ ስም ምን ማለት ነው?» አለን ማህጁብ።

«የጎደለው ሲሞላለት የሚሄድ» አልኩት።

ትንሽ አሰበበት። «እውነት ነው። አንድ ሰው ቀርቶኛል።»

ዞሬ አየሁ። ከኋላ ሦስት መቀመጫ ባዶ ነው።

«አሳንሶ ለመናገር ደግሞ ምን ነበር ቃሉ?» አለች እስከዳር።

አላወቅነውም። ማታ እንፈልገዋለን፤ ባለቤቱ እንደሆነ ተገኝቷል።