ጭብጨባው የሚያርፍበት

«እማ፣ ይኼን ስትሰሚ የቱ ላይ ታጨበጭቢያለሽ?»

ልጇ ፋሪሃ ይህን ስትጠይቃት ሉጥፊያ እጇን ከሳሙናው ውሃ አውጥታ ጆሮዋን ወደ ትንሿ ስፒከር ጣል አደረገች። የሰማችው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚዘንብ በረዶ ብቻ ነበር። አንዱን ምት በመዳፏ ልትይዝ ስትል ሌላው ያመልጣታል፤ እሱን ስታባርር ሦስቱ ጥለዋት ይሄዳሉ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ይኼስ የሚያጨበጭቡለት አይደለም ልጄ፣ የሚሸሹት ነው» አለቻት።

ፋሪሃ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ነገሩ የሳቅ አልነበረም። ሉጥፊያ ከወሎ ካርቱም መጥታ፣ ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች፣ ካላክላ ሰፈር በተከራየቻት አንድ ክፍል ውስጥ ነው ፋሪሃን ያሳደገቻት። ልጅቱ ከፍ ስትል ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ተጋባች። የከበሮ ድምፅ እየቆራረጠች፣ መልሳ እየቀጠለች፣ «ድራም ኤንድ ቤዝ» የምትለውን የሚሮጥ ዘፈን ትሠራለች። ዘፈን ይባል እንጂ ዘፋኝ የለውም። የሉጥፊያ የወንድሟ ልጅ ሁስና ደግሞ ሰው ቤት ለመሥራት ወደ ሪያድ ልትሄድ ተነሥታለች፤ ደላላው ለአንዲት ሌላ ልጅም ቦታ አለ ብሏል። «ከዘመድ ጋር የሄደች አትጠፋም» እያለች ፋሪሃን የጎተጎተቻት ራሷ ሉጥፊያ ናት። እሷ አንድ ቀን አልጋ ላይ ብትወድቅ፣ ልጅቱ ከበሮ ቆርጣ አትበላማ!

ሲጨቃጨቁ ሰንብተው በመጨረሻ ተስማሙ። ጎረቤታቸው ሬሕማ ልጇን ልትድር ነው፤ ከሠርጉ በፊት ባለው የሂና ቀን ፋሪሃ ዘፈኗን ታጫውታለች። ሴቶቹ ካጨበጨቡላት ትቀራለች። ካላጨበጨቡላት ከሁስና ጋር ትሄዳለች፣ ላፕቶፑም ይሸጣል።

ሉጥፊያ እሺ አለች። እሺ ካለችበት ሰዓት ጀምሮ ግን ልጇ ብትሸነፍም ፈራች፣ ብታሸንፍም ፈራች።

በማግስቱ ፊደል በምትማርበት የመሠረተ ትምህርት ክፍል የማንበብ ተራዋ ደረሰ። እንደ ልማዷ በየፊደሉ ላይ ጣቷን እየተከለች ተንፏቀቀች። አስተማሪዋ ለተብርሃን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሉጥፊያ እህቴ፣ ምስር ነው እንዴ የምትለቅሚው? እያንዳንዱን ፊደል አትልቀሚ፣ ቃሉን ያዢው። ሌላው ተከትሎሽ ይመጣል።»

ክፍሉ ሳቀ፣ ሉጥፊያም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትደርስ ግን ሻሿን እንኳ ሳታወልቅ «እስቲ ያንን በረዶሽን ክፈቺው» አለች።

ፋሪሃ ትንንሾቹን ድምፆች አጥፍታ ሁለት ብቻ አስቀረችላት። «ኪክ» የምትለው ወፍራሙ ምት ከባድ ነው፣ ሆድ ውስጥ ይገባል። «ስኔር» የምትለው ደግሞ ምንጣፍ በዱላ ሲመታ ይመስላል፤ ያንን ድምፅ ሉጥፊያ በየሳምንቱ በክንዷ ታውቀዋለች።

«እስከ አራት ቁጠሪ፤ አንድ ላይ ኪክ፣ ሁለት ላይ ስኔር» አለች ፋሪሃ። «ሦስት ላይ ኪኩ መምጣት ነበረበት፤ አይመጣም። ዘግየት ብሎ ይመጣና ወዲያው አራት ላይ ስኔሩ ይከተለዋል።»

«ለምን ይዘገያል?»

«እንዲጠበቅ።»

«እንደ አጎትሽ በይኛ! ምሳ ቀርቦ እስኪለመን።»

ዱም፣ ካ፣ … ዱም-ካ። ሉጥፊያ ከኪኩ ጋር መሯሯጡን ትታ ስኔሩን ብቻ ያዘች። መዳፏ አረፈ። ትንንሾቹ ድምፆች ሲመለሱም አልደነገጠችም። በሀገሯ መንዙማ ላይም ድቤው ሲጋልብ የሴቶቹ መዳፍ ረጋ ብሎ ነበር የሚወርደው።

የሂናው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ፋሪሃ በሬሕማ ግቢ ስፒከሯን አቆመች። ሉጥፊያ ዙሪያዋን ስታይ ክው አለች። ሙሽራይቱ፣ ሚዜዎቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ሁስና ራሷ፣ ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተቀምጠዋል፤ የተቀቡት ሂና ገና እርጥብ ነው። በሂና ቀን በጭብጨባ የሚወራረድ ማነው? እናትና ልጅ ያን ያህል ሲሟገቱ ለአንዳቸውም አልታሰባቸውም።

«አክስቴ፣ ውል ውል ነው» አለች ሁስና፣ መዳፎቿን እንደ ሰሐን ከፍ አድርጋ። «ያላ፣ ሻንጣዋን አዘጋጂላት።»

«ዝም በይ አንቺ! አፍንጫሽን ሲበላሽ ማን እንደሚያክልሽ እናያለን።»

ከፋሪሃ ሌላ እጇ ላይ ሂና የሌላት ሉጥፊያ ብቻ ነበረች፤ እሷም ጓዳ ዕቃ ስታጥብ ስለቆየች ነው።

ፋሪሃ ጀመረች። አሮጊቶቹ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ወጣቶቹ በእግራቸው ጣት መሬቱን መታ መታ አደረጉት። ሉጥፊያ ጉልበቷ ላይ ስኔሩን በጣቷ እየተከተለች ነበር። ድንገት ድምፁ ሁሉ ጠፋ።

«ካህረባው ጠፋ!» ብላ ሬሕማ ጮኸች። «ጄኔሬተሩን አስነሡ!»

መብራቱ አልጠፋም ነበር። ዘፈኑ መሃል ያንን ባዶ ቦታ ሆን ብላ የተወችው ፋሪሃ ናት፤ መብራት ሲሄድበት የኖረ የካርቱም ሰው ዝምታን በሌላ እንደማይተረጉመው ግን ዘንግታለች። ሴቶቹ መነሣት ጀመሩ። የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። ሉጥፊያ የስፒከሩን ቀይ መብራት አየች፤ እንደበራ ነው።

አጨበጨበች። ካ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች፣ ቦታውን ግን አልለቀቀችም። ካ። ባዶውን ጠበቀች። ካ። በሚቀጥለው ላይ ከበሮው ሁሉ ተመልሶ ከመዳፏ እኩል ወረደ።

ግቢው በእልልታ ተናጠ። አንዷ ሌላዋን እያየች መዳፏን አጋጨች፤ ሂናው በየቀሚሱ ተፈናጠቀ። ሬሕማ «አንቺን እንኳ አላህ ያትርፍልኝ!» እያለች የሙሽራይቱን ሁለት ክንዶች ጨምድዳ ያዘች። ከሙሽራይቱ በቀር አበባ የተሳለበት መዳፍ ሁሉ ጭቃ ሆነ። ሁስናም ስታጨበጭብ ተያዘች።

«ውሉስ?» አለቻት ሉጥፊያ።

ሁስና የተጨማለቀ እጇን አየችና «ወላሂ አክስቴ፣ እጄ ነው፤ እኔ የለሁበትም» አለች።

ሂና ቶሎ አይለቅም። ሁስና ወደ ሪያድ ለመሄድ ሻንጣዋን ስታነሣ መዳፏ ላይ ያለው አበባ ገና እንደተጨፈለቀ ነበር። ሉጥፊያ በር ላይ እስከቆመው ባለሦስት እግር ረክሻ ሸኘቻት፣ አቅፋ አለቀሰችላት፣ ዱዓ አደረገችላት። ወደ ቤት ስትመለስ በመስኮቱ ዱም፣ ካ ይወጣ ነበር። ሁስና ሄደች፤ ፋሪሃ ቀረች።