የጠዋት ቀለበት

«ሰው እህቱን ካላመነ ማንን ያምናል?» ለሚሉኝ ሁሉ ክንዴን አሳያቸዋለሁ። ምንም የለበትም። ችግሩም እሱ ነው።

የቆዳ ነርስ ነኝ። በክሊኒካችን አልድን ያለ ቁስል በቀዝቃዛ ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ባነቃው ጋዝ፣ ማከም ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆነን። ታናሽ እህቴ ሚጣ የውበት ሳሎን ከፍታ ያንኑ መሣሪያ ስታስገባ አያያዙን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እስክሪብቶ የሚያክል ነገር ነው፤ ከጫፉ ሐምራዊ ብርሃን ይወጣል። ቀዝቃዛ ስለተባለ ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ጫፉ ላይ ብርሃኑን ከቆዳ በልኩ የምታርቅ የፕላስቲክ ቀለበት ትገጠማለች። እሷ ከወለቀች ብልጭታው ዘሎ ቆዳ ላይ ያርፋል፣ ያቃጥላል። አንድ ቦታ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይም። የሚወጣው ጋዝ ለሳንባ ስለማይበጅ መስኮት ይከፈታል። ይኸው ነው፤ ለማንም አይከብድም።

አንድ ደንብም አወጣሁላት። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሳሎኗ ጎራ እላለሁ፤ እሷ በእኔ ክንድ፣ እኔ በእሷ ክንድ እንሞክረዋለን። በገዛ ገላችን ሳንሞክር የሰው ፊት አይነካም። ከዚያ በሳሎኑ መዝገብ ላይ «ተሞክሯል፣ ደህና ነው» ብዬ እፈርማለሁ። አራት ወር ሙሉ ፈረምኩ።

በዚህ ተማምኜ ጓደኛዬን ላክሁላት። መምህርት ናት፤ ጉንጯ ላይ የብጉር ጠባሳ ስላለ ክፍል ውስጥ ያንን ጉንጯን ወደ መስኮት አዙራ ነው የምታስተምረው።

«በእኔ ይሁንብሽ፣ ሂጂ» አልኳት።

ማክሰኞ ዕለት ክሊኒክ መጥታ ሻርፗን ገለጥ አደረገች። ጠባሳው ላይ የተቃጠሉ ነጠብጣቦች እንደ ስፌት ተደርድረዋል።

«በእኔ ይሁንብሽ ብለሽኝ ነበር» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋውኔን ሳላወልቅ ሳሎኑ ገባሁ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ጋዙ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሚጣ እጅ ያለው መሣሪያ ጫፉ ባዶ ነው። የተኛችውን ደንበኛ አስነስቼ ሸኘኋትና መሳቢያውን ሳብኩ። ቀለበቷ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልላለች። እኛ ጋ በአንድ ወር ቢጫ የሚሆነው ፕላስቲክ፣ እዚህ በአራት ወሩ እንደ መስታወት ያበራል።

«ይቺን ለማን ነው የምትገጥሚያት?»

«እታለም፣ ኧረ ቀስ፤ ሰው ይሰማሻል።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ!» አለች ትከሻዋን ሰብቃ። «ስትመጪ እገጥማታለሁ፣ ስትወጪ አወልቃታለሁ። በእሷ ከሆነ ለውጡ የሚታየው በሁለት ወሩ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ለቅዳሜ ሠርግ ነው የሚፈልጉት። ትንሽ ሲቆጠቁጣቸው ‹ሠራ› ይላሉ።»

«ያንቺስ ክንድ ላይ ስንሞክር?»

«ምን፣ ራሴን ላቃጥል?» ሳቅ አመለጣት።

ለእኔ! ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ፊርማ፣ አንድ ተመልካች ብቻ ያለው ቲያትር ኖሯል። ተመልካቿም እኔ ጅሊት!

«በቃ አትቆጪ» አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «መምህርቷን ፀሐይ መትቶሽ ነው በያት። አንቺን ታምንሻለች።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ክንዴ አልበቃትም፤ ምላሴንም አምጪ አለችኝ። መዝገቡን ስቤ ከመጨረሻው ፊርማዬ ሥር ጻፍኩ፦ «ከላይ የፈረምኩት ሁሉ የጠዋቱን ሙከራ ብቻ ነው። ደንበኞች ያለ ቀለበት ተሠርተዋል። የመምህርቷ ቃጠሎ ከፀሐይ አይደለም።» ፈረምኩበት።

«ያንን ይዘሽ ከወጣሽ እህት የለሽም!»

«ነበረችኝ እንዴ?» ብዬ መዝገቡንም ቀለበቷንም ይዤ ወጣሁ።

መምህርቷን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። ቆማ መዝገቡን አነበበች፤ ቀለበቷን ብርሃን ላይ አንስታ አየች።

«የጤና ተቆጣጣሪዎች ዘንድ ውሰጂው፤ እመሰክራለሁ» አልኳት። «ቁስሉን ደግሞ ከነገ ጀምሮ እኔ አክምልሻለሁ።»

ሻርፗን ጉንጯ ላይ ሳበች።

«ክሊኒካችሁ ሌላ ነርስ አለች?»

«አለች።»

«እሷ ትሁን።»

የባልደረባዬን ስልክ ቁጥር ጽፌ ሰጠኋት።