ካርታው ጡረታ ሲወጣ

ረዳቷ መሰላሉ ላይ ወጥታ የላይኛውን መደርደሪያ በጣቷ እየነካካች ስትፈልግ፣ ካርታው የሚሉት አዛውንት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፉ የት እንዳለ እያወቀ ከጠረጴዛው ጀርባ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጀርባው የተላጠው ቀይ መጽሐፍ ታች፣ ከመሰላሉ እግር አጠገብ ነበር። ያዘዘው መምህር መስኮቱ ጋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

"ኮምፒውተሩ አለ ይላል እኮ፣" አለች ረዳቷ። "ቁጥሩንም ይዣለሁ።"

"ጋሼ ካልነገሩሽ ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል?" አለ መምህሩ እየሳቀ።

ካርታው ብድግ ያለው ይህን ጊዜ ነው። ሄደና ጎንበስ ብሎ ቀዩን መጽሐፍ መዘዘ። መምህሩ አመስግኖ ወጣ። ረዳቷም ፊቷ ቀልቶ ከመሰላሉ ወረደችና "አመሰግናለሁ ጋሼ" አለችው። ዛሬ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ነው። በዚህ ቀን እንኳ ቦታውን ሳይነግራት ይህችን ደስታ ለራሱ ማስቀረቱ አሳፈረው።

ካርታው የሚለውን ስም ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሩቅ አገሮችን የሚያጠኑ ሰዎች የሚገለገሉበትን የቀጣና ጥናት ክፍል ከወጣትነቱ ጀምሮ ይዞት ኖሯል። የእሱ ድርሻ ደሴቶቹ ነበሩ፤ በአንድ ሰፊ ባሕር ላይ የተበተኑ፣ አንዳንዶቹ ከአንድ ሰፈር የማይበልጡ አገሮች። እግሩ አንዳቸውንም አልረገጠም፤ ጀልባ ላይ ገና ሲወጣ የሚያስመልሰው ሰው ነው። ሥራ ሲጀምር ግን የመጻሕፍቱ መለያ ቁጥር ደሴቶቹን ሁሉ አንድ ላይ እየጨፈለቀ ስላስቸገረው፣ ቁጥሩን ትቶ በመርከብ መንገድ ደረደራቸው። መርከብ መጀመሪያ የሚደርስበት ደሴት በሩ አጠገብ፣ ቀጣዩ ከእሱ ጎን፣ እንዲህ እያለ እስከ መስኮቱ ድረስ።

ያማረ አደራደር ነበር፤ ችግሩ ከእሱ በቀር የሚያውቀው አለመኖሩ ነው። መጀመሪያ ለሰው ያልነገረው ጊዜ አጥቶ ነው። ኋላ ጊዜው ሞልቶ ሳለም አልተናገረም፤ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም "ጋሼ፣ እባክዎ" እያለ ሲመጣበት ደስ ይለው ነበርና። ከዚህችኛዋ በፊት የነበሩት ሁለት ረዳቶች አቅቷቸው ሲሄዱ፣ ሰነፎች ናቸው ብሎ አስወርቶባቸዋል።

በምሳ ሰዓት ንባብ ክፍሉ ውስጥ ለስላሳና ብስኩት ቀርቦ ሽኝቱ ተደረገ። ዳይሬክተሯ ንግግሯን ስትጨርስ "እኚህ ሰው ባይኖሩ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም መጽሐፍ አናገኝም ነበር" አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ለካርታው እንደ ክስ ተሰማው። ከኋላ የቆመችው ረዳቷ ከሁሉም አብልጣ ስታጨበጭብ ሲያይ ደግሞ ብስኩቱን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

ዳይሬክተሯ ኮሪደሩ ላይ ለብቻው ያዘችው። "ጋሼ፣ ላንድ ዓመት በኮንትራት ቢቆዩልንስ?"

"ረዳቷስ?"

"ለሁለት ሰው በጀት የለኝም። የእሷ ውል በዚህ ወር ያልቃል፣ አላድስላትም። ደግሞ እርስዎም ያዩታል፤ ሁለት ዓመት ቆይታ አንድ መጽሐፍ ለማግኘት ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ጎበዝ መስላኝ ነበር የቀጠርኳት።"

መናገር የነበረበት እዚህ ላይ ነው። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "እስቲ ላስብበት" የሚል ቃል ሆነ።

"ሳይወጡ ይንገሩኝ እንግዲህ፣" ብላው ሄደች።

ደረጃው ላይ ቆሞ ለባለቤቱ ደወለ።

"እህ ጡረተኛው፣" አለችው። "ወጣህ ወይስ ገና ነህ?"

"አንድ ዓመት ቆይልን ብለው ለመኑኝ።"

"ለመኑህ ወይስ አስለመንካቸው?"

እረፍት ውጣ ባለችው ቁጥር "እኔ ከሌለሁ ክፍሉ ይቆማል" ሲላት ስትሰማ የኖረች ሴት ናት።

"ምነው ዝም አልክ?"

"ምንም። ስመጣ እናወራለን።"

ሲመለስ ረዳቷ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተችለት ነበር። ኩባያውን እንዳይሰበር በጋዜጣ ጠቅልላዋለች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ግን እንዳይታዘቡኝ።"

"ጠይቂ፣ ምን ከፋኝ።"

"እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም እንዴ? እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው የሚያነሱትን እኔ ስፈልግ እውላለሁ። እናቴ 'ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው' እያለች ጎረቤቱን ታደነቁራለች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ አለቅሳለሁ። ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው መሰለኝ።"

ካርታው ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም፤ አንድም ቀን አልተቆጣትም። ዝም በማለት ብቻ ነው ይህችን የመሰለች ልጅ ከራሷ ጋር ያጣላት።

"ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም፣" አላት። "መጻሕፍቱን በመርከብ መንገድ ስለደረደርኳቸው ነው።"

"በምን?"

"በመርከብ።" ከበሩ እስከ መስኮቱ በጣቱ እያሳየ ነገራት።

ሰምታው ስታበቃ መደርደሪያዎቹን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው። "ሁለት ዓመት ሙሉ?" አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ስልኩን አንስቶ ዳይሬክተሯ ጋ ደወለ። "እኔ አልቆይም፣" አላት። "የልጅቷን ውል ያድሱላት። መጽሐፍ የጠፋባት እኔ አደራደሩን ስለደበቅኳት ነው። ከእሷ በፊት የሄዱትም በእኔ ነው የሄዱት።"

"ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው? አሁን እኮ ነው አጨብጭበን የሸኘንዎት።"

"ጭብጨባውን መልስ ካሉኝ እመልሳለሁ። ውሏን ግን ዛሬ ያድሱላት።"

"እሺ፣ ሳትወጣ ለፊርማ ወደ እኔ ይላኳት፣" ብላ ዳይሬክተሯ ዘጋች።

ረዳቷ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ግን አልተፈታም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችለት። "እንግዲያው መንገዱን ይጻፉልኝ። የጠፋኝን እየደወልኩ እጠይቅዎታለሁ።"

ደስ አለው። ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ ሲጮህ፣ "ከመስኮቱ በስተግራ፣ ታች" ሲላት፣ ሁሉም ታየው። ደስ ማለቱን ሲያውቅ ደግሞ በራሱ አፈረ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ አንድ እቅፍ መጻሕፍት አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ፤ ተመልሶም ሌላ አመጣ።

"ኧረ ጋሼ! ይደባለቁብኛል እኮ!"

"ይደባለቁ። አንቺ በምታገኚበት ደርድሪያቸው። እኔ እሸከምልሻለሁ።"

መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ረዳቷ ከክምሩ ላይ አንዱን አንስታ ጀርባውን አየች፣ ገለጠችው፣ መልሳ ዘጋችው።

"ይሄ የት ይግባ?"

ቦታው ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ደሴቱ፣ መደርደሪያው፣ ከግራና ከቀኝ የሚያዋስኑት መጻሕፍት ሳይቀሩ።

"እኔ እንጃ፣" አላትና ሌላ እቅፍ ሊያመጣ ሄደ።