ሁለቴ መጥተው ቀሩ የተባሉት ሴት

ባለ ሳሎኑና ባለ ጓዳዋ ሲፋቱ የቤት ዕቃቸውን ብቻ ሳይሆን አብረው የጻፉትን የኮምፒውተር ኮድም ተካፈሉ። የፈቀድኩላቸው እኔው አለቃቸው ነኝ፤ ስለዚህ ስቆጣ ብትሰሙኝ ግማሹ ንዴት በራሴ ላይ መሆኑን ዕወቁልኝ።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከሥራቸው ነው። እሱ የሚሠራው የዓይን ሆስፒታሉን ድረ ገጽ ነው፤ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ቁልፍ የሚጫኑበትን፣ ሰው የሚያየውን ፊት ለፊቱን። ሳሎን አልነው። እሷ የምትሠራው ማንም ሳያዘው በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሳ ሥራውን ሠርቶ የሚተኛውን የጀርባ ፕሮግራም ነው። ለታካሚዎች የቀጠሮ መልእክት ይልካል፣ በቀጠሮው ቀን ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያልተመዘገበውን ሰው ወደ ወረፋው ጅራት ይመልሳል። እሱን ደግሞ ጓዳ አልነው።

ባልና ሚስት ሳሉ የቀጠሮ ቀን የሚወስነው ሕግ አንድ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ሳሎኑም ጓዳውም ከዚያ ይጠይቁ ነበር። ሲፋቱ አንዱ የነካውን ፋይል ሌላው መንካት አስጠላው። ከቤት እሱ ማቀዝቀዣውን ወሰደ፣ እሷ አልጋውን። ማቀዝቀዣ ለሁለት አይሰነጠቅም፤ ኮድ ግን ይገለበጣል። እሱ ሕጉን ገልብጦ ድረ ገጹ ውስጥ ከተተው፣ እሷም ገልብጣ ጓዳዋ አስገባችው። ትክክል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ግን ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ከሁለት አንዳቸው ለቀው ይሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ፤ አፌን ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ በሦስት ወንበር ርቀት ተቀምጠው የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። "እትዬ፣ ሰርቨሩን ላጠፋው ነው ይበሉልኝ" ትላለች እሷ። እሱ በገዛ ጆሮው እየሰማ እኔ ደግሜ እነግረዋለሁ፤ መልሱንም ይዤ እመለሳለሁ። ስምንት ወር ሙሉ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሁለት ሰው ስልክ ሆኜ ከረምኩ።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ደወለችልኝ። መስኮቷ ፊት አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ቆመዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታቸው ዓመት አልፏል፤ የስፌት መኪናቸውን በአንሶላ ሸፍነው ቁጭ ብለዋል። ለቀዶ ሕክምናው አሥራ አራት ወር ወረፋ ጠብቀዋል። ቀጠሯቸው ሰኞ ነበር፤ ሐኪሙ ሰኞ ስለማይገቡ ተላለፈ። በስልካቸው የደረሳቸው መልእክት "ማክሰኞ ይምጡ" ይላል። ማክሰኞ መጡ። መስኮት ላይ ያለው ድረ ገጽ "ሐሙስ ነው" ብሎ አልመዘግብም አለ፤ ተመለሱ። ዛሬ ሐሙስ መጡ፤ ስማቸው የለም። ማክሰኞ ቀርተዋል ተብለው ጅራት ላይ ተወርውረዋል። ጅራቱ ደግሞ ሌላ አሥራ አራት ወር ነው። የዛሬው የቀዶ ሕክምና ዝርዝር የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ለጊዜው ብዬ ስማቸውን በእጄ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባሁት። ትንሽ ቆይቶ የጀርባ ፕሮግራሙ ተነሳና "ቀርተዋል" ብሎ አወጣቸው። መልሼ አስገባኋቸው፤ መልሶ አወጣቸው። ደሜ ፈላ። ሁለቱንም ጠራኋቸው።

የሆነውን ነገር ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሐኪሙ በሌሉ ጊዜ ቀጠሮው የዚያው ሐኪም ተረኛ ወደሆነበት ቀን እንዲሄድ ሆስፒታሉ ባለፈው ወር በማዘዙ፣ ባለ ሳሎኑ የራሱን ግልባጭ አስተካክሏል። የእሷ ግልባጭ ግን እንደ ድሮው ወደ ማግስቱ የሥራ ቀን ይገፋ ነበር።

"አልነገረኝም ይበሉልኝ" አለች።

"አልጠየቀችኝም ይበሉልኝ" አለ።

"አልልም" አልኳቸው። "እናትየዋ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ዞር በሉና ተነጋገሩ።"

አንድ ስክሪን ፊት አስቀመጥኳቸው። ተቀመጡ ማለት ይከብዳል፤ በመሃላቸው አንድ ወፍራም ሰው ያስቀምጣል። እሱ በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ጓዳው ቀኑን ከድረ ገጹ ይጠይቅ የሚል ነበር። እሷ ስክሪኑን እያየች፣ እንግዲያውስ የኔ ፕሮግራም እንደ ካርድ ክፍል ሠራተኛ የይለፍ ቃል ይዞ፣ ቁልፍ የሚጫን መስሎ ሊገባ ነው፣ ድረ ገጹ ሲተኛም መልእክቱ አብሮ ሊተኛ ነው አለች። እውነቷን ነው፤ እሱም ሐሳቡን ተወው። ሕጉ ከሳሎኑም ከጓዳውም ወጥቶ ሁለቱም የሚጠሩት የጋራ ቦታ ይቀመጥ ተባለ፤ ማለትም ድሮ የነበረበት።

የተስተካከለውን የእሱን ግልባጭ አወጡት፣ ከጓዳው በኩል ሞከሩት፣ አልሠራ አለ። ስምንት ወር ከሳሎን የኖረ ሕግ የሳሎን ጠባይ ይዞ ኖሯል። ሐኪሙን የሚያውቀው በዚያ ሰዓት በይለፍ ቃሏ የገባችው የመስኮት ሠራተኛ የየትኛው ሐኪም ክፍል እንደሆነች እያየ ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ የገባ ሰው የለም።

ባለ ሳሎኑ ጭንቅላቱን ያዘ። "ማንም ካልገባ ሐኪሙን ከየት አምጥቼ ልወቅ?"

"እኔ እሰጥሃለሁ" አለች።

በስምንት ወር ውስጥ በቀጥታ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። እሱ ቀና ብሎ አላያትም፤ ጆሮው ግን ቀላ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀለለ። ሕጉ ሐኪምና ቀን ይሰጠዋል፣ ቀን ይመልሳል፤ ማን እንደጠየቀው አያገባውም። ግልባጮቹን ሰረዙ፤ እሱ የእሱን፣ እሷ የእሷን። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የእናትየዋን ስም መልሰን አስገባንና ፕሮግራሙ እስኪነሳ ጠበቅን። ተነሳ፣ ዞረ፣ ተኛ። ስማቸው እንዳለ ነው።

የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ስልኩን ለእናትየዋ ሰጠችልን። ባለ ሳሎኑ የእኛን ስልክ ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

"ይቅር በሉኝ ልጆቼ። ቀኑን አሳስቼ ነው። ዓይኔ አያነብልኝም፣ መልእክቱን ጎረቤቴ ናት ያነበበችልኝ፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማኋት። ይኸው እናንተንም ሥራ አስፈታኋችሁ።"

አንጀቴን በሉት። ሁለት ቀን ተመላልሰው፣ ማክሰኞ ተመለሱ ተብለው፣ ሐሙስ የሉም ተብለው፣ በመጨረሻ የተጣሉት ከራሳቸው ጋር ነው።

ባለ ሳሎኑ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማማ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። ሁለቱንም ቀን በትክክል ነው የመጡት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ባለ ጓዳዋ ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠጋች። "የሁለታችን ነው፣ እማማ" አለች።

እሳቸው ኧረ ምንም አይደል ብለው፣ አሁን መግባት እችላለሁ ወይ ብለው ጠየቁ። የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ክንዳቸውን ይዛ ስትወስዳቸው ስልኩ ውስጥ እግራቸው ሲሳብ ይሰማ ነበር። ሦስተኛዋ ጥፋተኛ እኔ ነበርኩ፤ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ ባለ ጓዳዋ በዚያ ወር "ቀርተዋል" የተባሉትን ሌሎች ሰዎች ፈልጋ አወጣች። ሃያ ሁለት ናቸው። ወደ ቦታቸው መለሰቻቸውና ስልክ ቁጥራቸውን በሦስት ወረቀት ጽፋ አደለችን። የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ደወልኩ። አንድ አዛውንት አነሱ፤ ከዓይን ሆስፒታሉ ነው፣ ስለ ቀጠሮዎ ነው የደወልኩት ስላቸው አላስጨረሱኝም።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ፤ "ጥፋቱ የኔ ነው።"