አርባ ሁለት ዲግሪ

ዶክተር እንዳልካቸው የተማሪውን፣ የሕይወትን፣ የሙከራ ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ባዶ ሆኖ ማደር የነበረበት ሳህን በባክቴሪያ ነጠብጣብ ተሸፍኗል።

"ይህ ባክቴሪያ ዘረመሉ የተዛባ ነው" አለ። "በሠላሳ ዲግሪ ዲኤንኤውን እያባዛ ይራባል። በአርባ ሁለት ግን ያ የተዛባው ዘረመል ሥራውን ያቆማል፤ ዲኤንኤው አይባዛም፣ ባክቴሪያውም አይራባም። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?"

"በአርባ ሁለት ነው ያሳደርኩት፣ ዶክተር" አለች ሕይወት።

"ከጤነኛው ጋር ቀላቅለሽዋል። እንዲህ በግዴለሽነት የሚሠራ ተማሪ ዘንድሮ አይመረቅም።"

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ይኸነው ጀርባውን ሰጥቶ ብልቃጥ እያጠበ ነበር። ፊቱ በሀፍረት ጋለ። ትናንት አመሻሽ የእንጅባራ ዝናብ ጋቢውን አበስብሶበት ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለእህቱ ልጅ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ ዳንግላ መውረድ ነበረበት። ውሃ የሚያንጠባጥብ ጋቢ ለብሶ እንዴት የሰው ልጅ ይጠየቃል? የሕይወትን ሳህኖች ከአርባ ሁለቱ ማሞቂያ ሣጥን አውጥቶ ሠላሳው ውስጥ ከተተና በቦታቸው ጋቢውን ዘረጋ። አንድ ሌሊት ምን ያመጣል ብሎ ነበር። ማለዳ ማንም ሳይመጣ መልሷቸዋል። ዳንግላ ላይ ልጅቷን ፈቀዱላቸው፤ እሱንም "የተከበረ ሰው" ብለው ሸኙትና ከቀትር በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ጋሼ ይኸነው፣" አለች ሕይወት እንባዋን እየዋጠች፣ "አርባ ሁለቱ ውስጥ ስከተው አይተው የለ? እባክዎ ይመስክሩልኝ።"

"አይቻለሁ" አለ። እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ይበልጥ አሳፈረው። "ብትደግመውስ፣ ዶክተር?"

"ምክንያቱ ሳይታወቅ? የትምህርት ክፍሉ አይፈቅድም።"

አባቷ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ ከሰል እየሸጡ እንደሚያስተምሯት ይኸነው ያውቃል። እጁን በጋዋኑ ጠረገ።

"ምክንያቱ እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ሁሉንም ተናገረ። ጋቢውንም አልደበቀ።

ዶክተሩ በሩን ዘጋው። "ጋሼ፣ ይህ ከተሰማ የግቢው መሳቂያ ነው የሚሆኑት። መብራት ጠፍቶ ነው ብለን እንጻፍ። እሷም ትደግማለች፣ እርስዎም ይተርፋሉ።"

ይኸነው ቀና ብሎ ሕይወትን አያት። የቤተ ሙከራውን መዝገብ ወደ ራሱ ሳበ።

"መብራት አልጠፋም" አለና ያደረገውን ከነስሙ ይጽፍ ጀመር።